ሦስተኛዋ ልጅ የት ሄደች?

እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ ከመጣች አራት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከሐኪም ቀጠሮና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ውሎዋ ሳሎን ነው። ከሥራ ስመለስ ነጠላዋን አጣፍታ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ፤ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው። ቃሉን መከተል ስለማትችል ሌላ ሌላውን ትከተላለች። ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ምግቡን ማን እንዳቀረበ፣ ማን እንዳኮረፈና ማን እንዳባበለው ታያለች። አንዳንዴ ቋንቋውን ከምሰማው ከእኔ በላይ ታሪኩን የምታውቀው እሷ ናት።

ባለፈው የብርድ ወራት ልጅ ሳለሁ የምወደውን ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ ከፈትኩላት። ፋሚሊ ማተርስ ነው፤ የቺካጎው ፖሊስ የካርል ዊንስሎ ቤተሰብ ታሪክ። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ሁለት ሁለት ክፍል እያየን አምስተኛው ምዕራፍ ደረስን። አንድ ምሽት የጎረቤታቸው ልጅ ስቲቭ ኧርክል ያንን ከፍ አድርጎ የታጠቀውን ሱሪውን ይዞ ሲገባ እኔ ገና አፉን ሳይከፍት መሳቅ ጀመርኩ። እናቴ አልሳቀችም። ስኒዋን አስቀመጠችና፣

“የእነዚህ ሰዎች ልጆች ሦስት አልነበሩም?” አለችኝ።

“ሁለት ናቸው እማዬ፤ ወንዱና ሴቷ” አልኳት፣ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳላነሳ።

“ሦስት ናቸው። ትንሿስ? ያቺ ከታላላቆቿ ሥር ሥር የምትለው። ምን አግኝቷት ነው?”

ክፍሉን አቆምኩት። ትክክል ነበረች። ጁዲ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ተዋናይዋ ጄይሚ ፎክስወርዝ። እስከ አራተኛው ምዕራፍ ድረስ የቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆና ኖራለች። ከዚያ የለችም። አልሞተች፣ ትምህርት ቤት አልተላከች፣ አክስቷ ዘንድ አልሄደች። ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ ስሟን አንስቶ አያውቅም። እኔ ይህን ድራማ በልጅነቴ ደጋግሜ ያየሁ ሰው፣ የልጅቷን መጥፋት አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም። ምክንያቱን ለራሴ ስነግረው ደስ አይልም፤ እየሳቅኩ ነበር።

የእናቴ ጥያቄ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው። ልጽፈው የተቀመጥኩትም ስላልለቀቀኝ ነው።

እንግዳ ደራሽ

ድራማው ሲጀመር ኧርክል የሚባል ሰው አልነበረም። ያኔ የቤቱ ምሰሶ እናትየዋ ናት፣ ሃሪየት። ሃሪየት ራሷ ከሌላ ድራማ የመጣች ናት፤ ፐርፌክት ስትሬንጀርስ ውስጥ የአንድ ጋዜጣ ሕንፃ የአሳንሰር ሠራተኛ ሆና ከዳር ቆማ የምትናገር ሴት ነበረች። ተዋናይዋ ጆ ማሪ ፔይተን ከዳር ቆማ ሰዉን ስላሳቀች የራሷ ቤት ተሠራላት፤ ባል፣ ልጆች፣ አማት፣ ከትንሽ ልጇ ጋር ባሏን ያጣች እህት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1989 በኤቢሲ ቴሌቪዥን የተጀመረው ድራማ ይህ ነበር። አንድ ፖሊስ ከሥራ ይገባል፣ ጫማውን ማውለቅ ይፈልጋል፣ ቤቱ ግን ሰባት ሰው ሞልቶበታል።

በ12ኛው ክፍል፣ በዲሴምበር 1989፣ የጎረቤት ልጅ በር አንኳኳ። ለአንድ ቀን ተብሎ የተጻፈ ነበር። ኧርክልን የተጫወተው ጃሊል ዋይት ያን ጊዜ ገና 13 ዓመቱን የደፈነ ልጅ ነው። ትልቅ መነጽር፣ ማንጠልጠያ ያለው ሱሪ፣ እንደ ፉጨት የቀጠነ ድምፅ። እቃ ይሰብርና “እኔ ነኝ እንዴ ይህን ያደረግሁት?” ይላል። በስቱዲዮው የተቀመጠው ሰው አበደ። እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ ነው እንላለን፤ መጥቶ የሚያልፍ። ይህኛው እንግዳ ግን አላለፈም። በሁለተኛው ምዕራፍ ታሪኩ እሱን ይከተል ጀመር፤ በ1991 በስሙ የቁርስ እህል በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ተደረደረ፣ አሻንጉሊቱም ወጣ።

ልጁን ለመውቀስ እጄ አይሄድም። እኔ እዚህ አገር በአሥራ አንድ ዓመቴ ስመጣ አጎቴ የገዛልኝ ሱሪ ለቁመቴ አጭር ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ አነጋገሬም አለባበሴም አያምርም። ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ቴሌቪዥን ስከፍት፣ እንደ እኔ የጠቆረ፣ እንደ እኔ ሱሪው ያላማረለት፣ ሳይንስ የሚወድ፣ ሁሉም ሰው “ቤትህ ሂድ!” የሚለው፣ እሱ ግን ነገ ተመልሶ በሩን የሚያንኳኳ ልጅ አገኘሁ። ሎራ ዊንስሎን ይወዳል፤ አትፈልገውም፤ አይቀየምም። ያ አለመቀየም ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። እንግሊዝኛዬን ግማሹን ከእሱ ነው የለቀምኩት። ዛሬም ድምፁን ስሰማ ደረቴ ውስጥ የሚሞቅ ነገር አለ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከሚወደው ወገን ሆኜ ነው።

አንኳኪ በር ይፈልጋል

አሁን በአዋቂ ዓይን፣ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ሳየው ግን፣ ኧርክል የሚያስቀው ለምን እንደሆነ ይታየኛል። የሚያስቀው ካርል ስላለ ነው። ሬጂናልድ ቬልጆንሰን የተጫወተው ካርል ቀኑን ሙሉ ወንበዴ ሲያሳድድ ውሎ ይገባል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ትንፋሹን እንሰማለን። ሃሪየት ትቀልድበታለች፣ እናቱ ኤስቴል ትገስጸዋለች፣ ልጆቹ ገንዘብ ይጠይቁታል። ቤቱ ሞልቶ፣ ድካሙ ታይቶ፣ ሰላሙ ሊመጣ ሲል ነው በሩ የሚንኳኳው። ሳቁ የሚወለደው በዚያች በር ላይ ነው። በአንድ በኩል ሊረበሽ የሚችል እውነተኛ ቤት፣ በሌላው በኩል የሚረብሽ ልጅ።

ጸሐፊዎቹ ይህን ያጡት ይመስለኛል። ልጁ ሲያስቅ ጊዜውን ጨመሩለት። ጊዜው ከየት መጣ? ከሃያ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ሌላ ምንጭ የለውም። እያንዳንዱ የኧርክል ደቂቃ ከአንድ ሰው አፍ የተወሰደ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሃሪየት ራሷ ታሪክ አላት፤ በኋላ በኋላ ከኩሽና ብቅ ብላ “ምን ተሰበረ?” የምትል ሴት ሆነች። ቴልማ ሆፕኪንስ የተጫወተቻት እህቷ ሬቸል፣ ልጅ የምታሳድግ፣ የምትጽፍ፣ ምግብ ቤት የከፈተች ሴት፣ ከአራተኛው ምዕራፍ በኋላ ቋሚ መሆኗ ቀረ። ጁዲም በዚያው ሰሞን ነው የጠፋችው።

ቤቱ ሲሳሳ ደግሞ አንኳኪው የሚያንኳኳው በር አጣ። ያን ጊዜ ነው ማሽኖቹ የመጡት። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ኧርክል ራሱን ለውጦ ስቴፋን የሚባል መልከ መልካም ወጣት ሆነ፤ ኋላም የሚቀየርበት ሳጥን ሠራ፣ ራሱን አባዛ። ሚርትል የምትባለውን የአጎቱን ልጅ የተጫወተው ያው ጃሊል ዋይት ነው፣ ቀሚስ ለብሶ። መጨረሻው ላይ፣ በ1998፣ ጠፈር ወጣ። የጀመረው የአንድ ፖሊስ የደከመ እግር ነበር፣ ያለቀው በህዋ ላይ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፣ የሚለው ለዚህ የተተረተ ይመስላል።

እናቴን በጣም ያስከፋት ግን ጠፈሩ አይደለም። በኋለኞቹ ምዕራፎች ዊንስሎዎች አንድ አሳዳጊ የሌለው ሕፃን ተቀበሉ፣ ኧርክልም ወላጆቹ ርቀው ሲሄዱ ቤታቸው ገባ። ይህን ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ዝም አለች። “መልካም ሰዎች ናቸው” አለች ቆይታ። “የሰው ልጅ ያሳድጋሉ። የራሳቸውን ግን አልፈለጓትም።”

ለዚህ መልስ የለኝም። ድራማ ነው፣ የተዋናይ ውል ነው፣ በጀት ነው ብላት ለእሷ ምንም አይደለም። እሷ ያየችው አምስት ወንበር የነበረው ገበታ አራት ሲሆን ነው።

ነገሩ የዚህ ድራማ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእሱ በፊት ሃፒ ዴይስ አለ፣ ከ1974 እስከ 1984 የታየ። ሄንሪ ዊንክለር የተጫወተው ፎንዚ ሲጀመር ከዳር የሚቆም ሰው ነበር፤ የቆዳ ጃኬቱ አገር ምድሩን ገዛና ታሪኩ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እዚያም አንድ ልጅ ጠፍቷል፣ የቤቱ የበኩር ልጅ ቸክ። ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ የለም። ሁለት ቤት፣ ሁለት የጠፋ ልጅ፣ ሁለቱም ሰው በአንድ አስቂኝ ሰው ሲስቅ። አጋጣሚ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ያች አንድ ክፍል

እዚያው አምስተኛው ምዕራፍ ውስጥ፣ ጁዲ ከጠፋች በኋላ፣ ስቴፋን ከመጣ ወዲያ፣ በጃንዋሪ 1994 የታየ አንድ ክፍል አለ። የበኩሩ ልጅ ኤዲ ቤት ሲገባ ፊቱ ተበላሽቷል። ፖሊሶች መኪናውን አስቁመው፣ አስወርደው፣ መሬት ላይ አስተኝተውታል። አባቱ ፖሊስ ነው፤ ልጁን ወዲያው አያምነውም። ያለ ምክንያት አያስቆሙህም ይለዋል። በኋላ ሄዶ ከፖሊሶቹ አንዱን ሲያነጋግረው ምክንያቱን ይሰማል፤ ጥቁር ልጅ በነጭ ሰፈር መገኘቱ ነው። ተመልሶ ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል። በ2020፣ ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ፣ ሰዎች ይህን ትዕይንት እንደ አዲስ ሲቀባበሉት አስታውሳለሁ።

ከእናቴ ጋር ስናየው አንድ ቃል አልተረጎምኩላትም። ካርል ያን ፖሊስ ቆሞ ሲመለከተው እናቴ ከሶፋው ትንሽ ወደ ፊት ቀረበች። አባትና ልጅ ሲተቃቀፉ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። “ይኼ ሰውዬ ይችላል እኮ” አለችኝ። “ለምንድን ነው ሁልጊዜ ሲጮህ ብቻ የሚያሳዩት?”

ልቤን የሰበረው ይህ ነው። ይችሉ ነበር። ያ ቤት አላለቀበትም ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ማንኪያና ብርጭቆ ሲሰበርበት ከርሞ እንኳ፣ አባትየው አንድ ጊዜ ሙሉ ጊዜ ሲሰጠው ቋንቋ የማትሰማ ሴትን ያስለቅስ ነበር። በመጨረሻው ምዕራፍ መሀል ጆ ማሪ ፔይተን ራሷ ድራማውን ተወችው። ሃሪየትን ሌላ ተዋናይ ተካቻት፣ ታሪኩም እንዳልተለወጠ ሆኖ ቀጠለ። ድራማው የተሠራላት ሴት ድራማው ሳያልቅ ሄደች። እናቴ ከአዲሷ ሴት ጋር አንድ ክፍል አየችና፣ “ይቺን አላውቃትም፣ አጥፋው” አለችኝ። አጠፋሁት። መጨረሻውን አብረን አላየነውም።

የእሑዱ ስልክ

እኛም ሦስት ነን። እኔ እዚህ፣ ታናሽ ወንድሜ ሲያትል፣ ታላቅ እህታችን ደሴ። እሑድ እሑድ፣ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ በቪዲዮ እንገናኛለን። ወንድሜ አስቂኝ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ። የሞተውን አባታችንን አነጋገር፣ የሰፈራችንን ባለሱቅ፣ የድሮ ጎረቤታችንን ሲያስመስል ሆድ ያማል። ስልኩ ሲከፈት ሁላችንም የምንጠብቀው እሱን ነው። “እስቲ ዛሬ ምን አመጣህ?” እንለዋለን። አንድ ሰዓት እንዲሁ ያልፋል።

የጁዲን ነገር ከጠየቀችኝ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው እሑድ፣ ወንድሜ አንድ ነገር እያወራ፣ እኔም እንባዬ እስኪወርድ እየሳቅኩ፣ ስክሪኑ ላይ ዓይኔ ወረደ። ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፤ የእኛና የእሱ። እህቴ የለችም። ባለፈው ሳምንት ነበረች? ከዚያ በፊትስ? ላስታውስ አልቻልኩም። እናቴን ዞሬ አየኋት። እሷ አስቀድማ እኔን ታየኝ ነበር። ምንም አላለችም፤ ፈገግታም አልነበራትም።

“እታባስ?” አልኩ።

“ኔትወርክ ይሆናል” አለ ወንድሜ፣ ወሬውን ሊቀጥል።

ማታ ለብቻዬ ደወልኩላት። አነሳች። ደኅና ናት፣ ሁሉም ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደሴ ዝናብ ነው፣ ስኳር ተወዷል። ቶሎ ልትዘጋ ፈለገች። እኔም በሌላ ጊዜ ቢሆን እዘጋ ነበር። አልዘጋሁም። ዝም ብዬ ጠበቅኋት፤ ከወትሮው በላይ ረጅም ጊዜ። በመጨረሻ፣ “ቤት ከቀየርኩ እኮ ሁለት ወር ሆነኝ” አለችኝ። የቤት ኪራይ ጨምረውባት ለቃ ወጥታ፣ ዕቃዋን በጋሪ አስጭና፣ ሌላ ሰፈር ገብታለች። ለሁለት ወር እሑድ እሑድ ስናወራ፣ እህቴ በምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደምትቀመጥ ማናችንም አናውቅም ነበር።

“ለምን አልነገርሽንም?” አልኳት።

“እናንተ ትስቃላችሁ እኮ። የእኔ ወሬ ያበላሽባችኋል ብዬ።”

ከዚያ በኋላ ለወንድሜ ደወልኩ። ልወቅሰው ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ቁጣዬ ተዘጋጅቶ ነበር። ስለ እህታችን ስነግረው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎ በማላውቀው ድምፅ፣ “እኔ ዝም ስል ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ፤ አይታወቅህም? እሑድ ሲመጣ ከቅዳሜ ጀምሬ ምን ላውራ እያልኩ ነው የማስበው። ይደክማል፣ ወንድሜ” አለኝ። የምጠብቀው ይህን አልነበረም። ወንድሜ ያለማንም ትእዛዝ፣ በእኛ ሳቅ ብቻ እየተገፋ፣ አንድን ቤት በጫንቃው ተሸክሞ ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። ጃሊል ዋይትን ያሰብኩት ያኔ ነው። ዘጠኝ ምዕራፍ፣ 215 ክፍል። በ13 ዓመቱ ገባ፣ 21 ዓመቱ ሆኖ ወጣ፤ ድምፁ ጎርንኖ፣ ቁመቱ ረዝሞ፣ አሁንም ያንን ቀጭን ድምፅ ከጉሮሮው እያወጣ፣ ሱሪውን ደረቱ ድረስ እየሳበ። ስቴፋንም እሱ፣ ሚርትልም እሱ። እሱ ላይ ሲደገፉ ከእሱም ነው የወሰዱበት። በልጅነቴ የወደድኩት ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ ደክሞት ይሆን ነበር? እኔ ግን “እስቲ ዛሬ ምን አመጣህ?” እያልኩ ቴሌቪዥኑን እከፍት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመልሰናል፤ የእሷ ምርጫ ነው። አሥራ አንዱን ክፍል፣ በሩ ከመንኳኳቱ በፊት ያለውን፣ ደግመን ደግመን እናያለን። ሳቁ ያንሳል። አንዳንዱ ክፍል ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ አልክድም። አያትየዋ ኤስቴል ስትገባ ግን እናቴ “መጣችልኝ” ትላለች። ገበታው ላይ ትንሿ ልጅ ስትታይ በጣቷ ትጠቁመኛለች።

ያለፈው እሑድ ስልኩን የከፈተው ወንድሜ ነው። “ዛሬ እኔ ወሬ የለኝም፣ እታባ ቤቱን ታሳየን” አለ። እህቴ ተሽኮረመመች፣ ምንም የሚታይ የለውም አለች። ከዚያ ስልኩን አዞረችው። አልጋው፣ ከአባቴ ቤት የወሰደችው ቁም ሳጥን፣ የተቀባ ግድግዳ፣ አንድ ትንሽ መስኮት። ምስሉ እየተቆራረጠ ነበር የሚመጣው። ማናችንም አልሳቅንም፤ ዝምታው ለጥቂት ጊዜ ከበደኝ፣ ወንድሜም ሲከብደው ታየኝ፣ ግን ዝም አለ።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

“መስኮቱ ወደ የት ነው የሚያየው?” አለቻት። “ጠዋት ፀሐይ ይገባልሻል?”

እህቴ መለሰችላት፤ ከመስኮቱ ጀምራ።